የእሑዱ ክኒን

የሙሽራዋ አባት ሲወድቅ ኬኩ ገና አልተቆረሰም ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትደርስም ኬኩ ባለ አምስት ፎቅ ሆኖ እዚያው ተገትሯል፤ ተጋባዡ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ እንደተኳረፈ ዘመድ ፀጥ ብሏል። ሰውየውን አምቡላንስ ወስዶታል። ከጠረጴዛው ሥር የቀረው አንድ እግር ጫማውና የፈሰሰ የማንጎ ጭማቂ ነው።

የአዳራሹ በር ተቆልፏል። የቆለፈው ግን ፖሊስ አይደለም፤ ሙሽራው ነው።

ይህን ሙሽራ የማያውቅ ቢኖር ቴሌቪዥን የሌለው ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ ሬሳ እየገለጠ ማን እንደገደለው ይናገራል። ሐኪምም መርማሪም ነው፤ በድራማው ማለቴ ነው። ከድራማው ውጭ መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ ከትወና በቀር ሌላ ትምህርት ያልነካው ሰው ነው። ይህንንም ሁሉም ያውቃል። አውቆም "ዶክተር" ይለዋል። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያውቀውን ትቶ የወደደውን ያምናል።

ኢንስፔክተሯን ደግሞ ጣቢያው ውስጥ "ጎታታዋ" ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ለማለት ወኔ የላቸውም እንጂ። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ስትወጣ በየሦስቱ ትቆማለች፤ ጥያቄ ስትጠይቅም እንደዚያው። ሌሎቹ እስረኛ አንጠልጥለው ሲሮጡ እሷ ገና የወደቀ ጫማ ታገላብጣለች። ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል። የእሷ ትጥቅ ተፈትቶ አያውቅም።

"እንኳን መጡ" አላት ሙሽራው። "ብዙ አይደክሙም፤ ነገሩን ጨርሼልዎታለሁ።"

"ምኑን ጨረስክልኝ?"

"ገዳዩን አግኝቼዋለሁ።"

"ሰውየው ሞቱ እንዴ?"

"አልሞቱም፤ ግን..."

"እንግዲያው ገዳይ የለም። ቀጥል።"

ሙሽራው ትንሽ ተደናቀፈና ቀጠለ። በሁለት ሚዜዎች መሐል ከረባቱ ዞሮ የተቀመጠውን ቀጭን ሰው በጣቱ አሳያት። የሰፈሩ ፋርማሲስት ነው። ሙሽራዋን አንድ ጊዜ ለትዳር ጠይቆ እምቢ ተብሏል። ትናንት ከአባትየው ጋር ቃል ሲለዋወጥ ተሰምቷል። ዛሬ ጭማቂውን በእጁ የሰጣቸው እሱ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደቁ።

"ይህን ደግሞ ይመልከቱ" አለና ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሰባት ክዳን ያላት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ናት። አባትየው ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ የስኳር በሽታ ክኒናቸውን የሚያስቀምጡባት ሣጥን በገዛ እጃቸው የሠሯት ነች፤ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ክዳን፣ ለያንዳንዱ ክዳን አንድ ክኒን። "ዛሬ ቅዳሜ ነው። የቅዳሜው ባዶ ነው፤ ትክክል። የእሑዱስ ለምን ባዶ ሆነ? የነገን ክኒን ዛሬ ማን ወሰደው? ትናንት ሣጥኑን የሞላላቸው ፋርማሲስቱ ነው። አንዷን አስቀርቶ፣ ፈጭቶ፣ ጭማቂው ውስጥ ጨመራት!"

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ነገሩ አምሯል፤ ኢንስፔክተሯም አልካደችም። እሷን ደግሞ የሚያስፈራት የሚያምር ነገር ነው። ሣጥኗን ተቀበለችውና "ኧኽኽ" ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ።

"ጉልበትዎን ነው? ማስታገሻ ይወስዳሉ?" አለ ሙሽራው። ድምፁ ያ የረቡዕ ድምፅ ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ ከላይ የሚደረብ።

"ጠዋት ጠዋት አንድ።"

"እጥፍ ያድርጉት፤ ለሦስት ቀን። ይለቅዎታል።"

"እሺ ዶክተር" አለች። ብላም ምላሷን ነከሰች።

ፋርማሲስቱን ኮት በሚሰቀልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው አነጋገረችው።

"ጭማቂውን ሰጠሃቸው?"

"ሰጠኋቸው።"

"ለምን?"

"መልካቸው አላማረኝም። አልቧቸው ነበር፤ ንግግራቸውም ይተሳሰራል። ስኳራቸው ወርዷል ብዬ ጠረጠርኩ። ስኳሩ ለወረደበት ሰው ጣፋጭ ነገር መስጠት ነው። ግማሹን ሳይጠጡ ወደቁ።"

"ይህን ለሰው ነገርክ?"

"ለዶክተሩ... ለሙሽራው ነገርኩት። አፌን ሳልዘጋ ሚዜዎቹ ዘጉልኝ።"

"ትናንትስ ምን አጣላችሁ?"

ፋርማሲስቱ ከረባቱን አስተካከለ። ጊዜ ለመግዛት ነው። "አልተጣላንም። ሣጥኑን ስሞላላቸው 'ጋሼ፣ ነገ ግብዣ ነው ብለው ምግብ ሳይቀምሱ ክኒን እንዳይውጡ' አልኳቸው። 'ካሁን ወዲያ ያንተ ምክር አያስፈልገኝም፤ የራሴ ሐኪም ቤቴ ገብቷል' አሉኝ። ሰው ፊት።"

"ከፋህ?"

"ስድስት ዓመት ክኒናቸውን ቆጥሬ የሰጠሁ እኔ ነኝ። አዎ፣ ከፋኝ።"

"ልጅቷንም ከልክለውሃል።"

"እሳቸው አይደሉም የከለከሉኝ፤ እሷው ናት እምቢ ያለችኝ። እምቢ የተባለ ሁሉ መርዝ ቢያነሳ አገር ባዶ ይቀር ነበር፣ እትዬ።"

"ስንት ክኒን ሞላህ?"

"ሰባት። እሳቸውም በዓይናቸው ቆጥረውታል። ሰዓት ሠሪ ሰው አያምንም።"

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። "ዶክተሩ ፈትቶታል አሉ! ቴሌቪዥኑ ዛሬ ምሽት ዜና ሊያደርገው ነው። እሰሪውና ይብቃ።"

"አሳድረዋለሁ። ማሰሩን ነገ እናያለን።"

"አንቺ ደግሞ! ኤሊ ብትሆኚ ኖሮ ኤሊዎቹ ያባርሩሽ ነበር።"

ፋርማሲስቱ መኪና ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "ስሜ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን መርዘኛ ተብሎ ከወጣ፣ ነገ ብትፈቺኝስ ማን ከእጄ ክኒን ይቀበላል?" አለ። የመኪናውን በር ቀስ ብላ ዘጋችለት።

የሙሽራዋ አክስት፣ የአባትየው እኅት፣ አዳራሹ ኩሽና ውስጥ ትሪ ትደረድራለች። ትሪውን የምትደረድረው እንደምትገርፈው ነው።

"የወንድምሽን ብርጭቆ ማን አጠበው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ቆሽሾ ይደር? የተከራየነው ዕቃ ነው።"

"ማስረጃ ነበር እኮ።"

"ማስረጃ መሆኑን ብርጭቆው ይነግረኝ ነበር?"

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ዋጠች። "አብራችሁ ነው የምትኖሩት። ወንድምሽ ቢያርፉ ቤቱ ለማን ይሆናል?"

"ለእኔ" አለች አክስትየው፣ ትሪውን አስቀምጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ቀጥዬ ምን ልትዪ ነው? አርባ ዓመት ሸሚዙን የተኮስኩለትን ወንድሜን ለአንዲት የምታፈስ ጣራ ብዬ ልግደለው?"

"ቁርስ በልተው ነበር?"

"የት አባቱ! 'አዳራሽ እበላለሁ' ብሎ ወጣ። ሙሽራው ሁለት ሰዓት ያስጠብቀናል ብሎ ማን አሰበ? ለቴሌቪዥኑ ሲባል ሁለቴ ገባ። አንዴ ገባ፤ 'ብርሃኑ አላማረም' አሉትና ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። እኛም ሁለቴ አጨበጨብን። በሁለተኛው እጄ ዝሎ ነበር። ወንድሜ ይህን ሁሉ ጊዜ ጾሙን ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።"

ኢንስፔክተሯ ይህን በልቧ ያዘች። የታጠበውን ብርጭቆና ቤቱንም እንደዚያው ያዘች። ምኑም ከምኑ ጋር ገና አልገጠመላትም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ሙሽራዋ ከነቬሎዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላ በሽተኛ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳያጣ ቀሚሷን ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። ልብስ ሰፊ ናት። የድራማውን ልብሶች የምትሰፋው እሷ ናት፤ ከሙሽራው ጋር ያገናኛትም ያ ነጭ ካፖርት ነው።

"አባቴ ክኒን ተሳስቶ ወስዶ አያውቅም" አለች። "ለሰዓትም ለራሱም አይሳሳትም። አንድ ሰው ነው ያሳሳተው።"

"ፋርማሲስቱን ትጠረጥሪያለሽ?"

ሙሽራዋ የቬሎዋን ጫፍ አጠፈች። ከዚያ "ባሌ እሱ ነው ብሏል" አለች። "አዎ" ግን አላለችም። ኢንስፔክተሯ ያልተባለውንም መዘገበች።

ሐኪሟ ወጣች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ካየ ቆይቷል።

"ምን ሰጥተዋቸው ነው?" አለቻት ኢንስፔክተሯ።

"አላውቅም። ስኳራቸው እጅግ ወርዷል። ግሉኮስ ስንሰጣቸው ይነሳል፤ ቆይቶ ተመልሶ ይወርዳል። የሚያወርደው ነገር ገና ሰውነታቸው ውስጥ አለ። የለመዷት አንዷ ክኒን ብቻዋን እንዲህ ታደርጋለች ብዬ አላምንም።"

"መቼ ይሻላቸዋል?"

"ምን ያህል እንደወሰዱ ካላወቅሁ እሱንም አላውቅም። ስለዚህ ከዓይኔ አላርቃቸውም።"

ከኋላ የደረሰችው አክስት አጨበጨበች። "አላውቅም፣ አላውቅም! ይቺ ምኗ ሐኪም ነው? የኛው ዶክተር ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላውቅም ሲል ሰምታችሁታል? ነገ ጠዋት ፈርሜ አወጣዋለሁ፤ ቤቱ ሆኖ በአማቹ ይታከማል!"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወደ ክፍሉ ተመልሳ ገባች፤ ያ የሷ መልስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ የሠርጉን ካሜራማን ሱቁ ሄዳ ቀረጻውን አስከፈተችው። የሙሽራውን ሁለት አገባብ አየች። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ኬኩን አየች፣ አክስትየውን አየች፣ ጥግ ላይ ቆሞ ጭማቂውን በሩቁ የሚያየውን ፋርማሲስት አየች።

"እዚህ ላይ አቁም። ወደ ኋላ መልሰው።"

ሰዓት ሠሪው የቀለበቱን መያዣ ይዘው ቆመዋል። ካሜራው ቀረብ ሲል መያዣው ከእጃቸው ወደቀ። አነሱት። ደግሞ ወደቀ። ግንባራቸውን ጠረጉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

"ይህ ሰው በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወረንጦ ሲያነሳ የኖረ ነው" አለች ኢንስፔክተሯ፣ ለራሷ እንደሆነ ሁሉ። "ሰዓቱ ስንት ይላል?"

"አምስት ሰዓት ከሃምሳ።"

"ጭማቂውስ?"

ካሜራማኑ አሳለፈው። "ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት።"

ሰውየው ጭማቂውን ከመንካታቸው ሠላሳ አምስት ደቂቃ በፊት ታመዋል። ፋርማሲስቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በሙሽራው ሁለተኛ አገባብ ላይ፣ ገና በር ላይ ሲደርስ ይታያል። ብርጭቆው ውስጥ ነገር የለም፤ ያጠበችውም ንጹሕ ናት።

ለአለቃዋ ደወለች። "ጭማቂው አይደለም" አለችው።

"እንግዲያው በሌላ መንገድ አበላቸው! የእሑዱ ክኒን የት ሄደ? እሱን ንገሪኝ።"

እሱን አልነገረችውም። አታውቀውማ። ፋርማሲስቱም ጣቢያ አደረ፤ ዜናውም ወጣ፤ ስሙን ባይጠሩትም ሱቁን አሳዩት። ሱቁን ካሳዩ ስም ምን ቀረው?

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ ውሃ ቀዳች። ጉልበቷ ከትናንቱ ብሷል። የማስታገሻውን ሽፋን ቀድዳ አንዷን ክኒን መዳፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛዋንም አስከትላ ቀደደች። ሁለቱን አንድ ላይ ወደ አፏ አስጠጋች።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

"እኔ ምን ነካኝ?" አለች ጮክ ብላ፤ ብቻዋን በምትኖርበት ቤት።

ይህ ሰው ሐኪም አለመሆኑን ታውቃለች። ተዋናይ መሆኑን ታውቃለች። በመሐረብ ማስረጃ ሲያሻሽ በዓይኗ አይታ ታዝባዋለች። ሠላሳ ዓመት ሰው ስትጠረጥር የኖረች መርማሪ ናት። ታዲያ እጇ ማንን አምኖ ሁለተኛዋን ቀደደ? ያንን ድምፅ። እጥፍ ያድርጉት፤ ለሦስት ቀን።

የራሴ ሐኪም ቤቴ ገብቷል ያሉት ሽማግሌ ትዝ አሏት። ባዶው የቅዳሜ ክዳን፣ ባዶው የእሑድ ክዳን፣ ያልተበላው ቁርስ፣ ሁለቴ የተገባበት በር፤ ሁሉም እንደ ሰዓት ጥርስ እየተነካከሰ ዞረ።

ሁለቱንም ክኒኖች ሽፋኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። እንኳን ሁለቱን፣ አንዷንም አልዋጠች። ኮቷን አነሳች።

በሰዓት ሠሪው ቤት በር የከፈተችላት ሙሽራዋ ናት፤ ቬሎዋን ለመቀየር መጥታ ነው።

"አባትሽ ነገር ይጽፋሉ?"

"ምን የማይጽፈው አለ? የተሠራውን ሰዓት፣ ያልተሠራውን፣ የዋጠውን ክኒን፣ የዘነበበትን ቀን..."

መሥሪያ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው። ወረንጦዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ የተፈታ ሰዓት በብርጭቆ ክዳን ተከድኗል፤ ዓይናቸው ላይ የሚሰኳት አጉሊ መነጽር ለብቻዋ በጨርቅ ላይ ተኝታለች። ደብተሩ ከመሳቢያው ውስጥ ወጣ። ጽሑፉ የጉንዳን ሠልፍ ነው፤ ኢንስፔክተሯ ከነመነጽሯም አላነበበችውም።

"አንብቢልኝ። ከዓርብ ጀምሮ።"

ሙሽራዋ የአባቷን አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

"ዓርብ። የግድግዳው ሰዓት ተጠናቀቀ። ፋርማሲስቱ ሣጥኑን ሞላ፤ ሰባት። ማታ አማቼ መጣ። ግብዣው ላይ ጣፋጭ ስለሚበዛ ክኒኑን እንዴት ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት። ለሦስት..." ድምፅዋ ቆመ።

"ቀጥዪ፣ ልጄ።"

"...ለሦስት ቀን እጥፍ ያድርጉት ብሎኛል። ቅዳሜ ጠዋት። ሁለት ወሰድሁ። ሁለተኛዋ የእሑድ ናት፤ ከጠርሙሱ የምትተካ።"

አጉሊ መነጽሯ ከዓይኗ ወደቀች። አላነሳቻትም።

"አውቆ አይደለም" አለች ሙሽራዋ።

"አይደለም።"

"ይሄ ይሻላል ወይስ ይብሳል?"

ኢንስፔክተሯ ይህንንም አላወቀችውም። ስልክ አወጣችና ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። ነርሷ አነሳች። በሽተኛው ነቅተዋል፤ አክስትየው ፈርመዋል፤ ጫማ እያጠለቁላቸው ነው። ሐኪሟስ? ሌላ ክፍል ናት፤ እየተሟገተቻቸው ቆይታ ተጠርታ ሄደች።

"ጥሪልኝ! ሁለት ክኒን ነው፤ በባዶ ሆድ ነው፤ ዛሬም ሊደግሙት ነው በያት!"

ያን ቀን ጎታታዋ ደረጃውን ሳትቆም ወጣች። በየሦስቱ ሳይሆን በየሁለቱ እየዘለለች። ጉልበቷ ምን እንዳለ አልሰማችውም፤ ኋላ ነው የሰማችው።

ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮታቸውን ለብሰዋል። ግሉኮሱ ተነቅሏል። አክስትየው ጠዋት ከሌላ ፋርማሲ የገዛችውን እሽግ ከፍታ ሁለት ክኒን መዳፋቸው ላይ አድርጋለች፤ በሌላው እጇ ውሃ ይዛለች። ሙሽራው በሩ አጠገብ ቆሞ ሻንጣ ያነሳል።

"ያቺን እጅ ይዝጉ፣ አባባ!" አለች ኢንስፔክተሯ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጨበጡ። ሙሽራዋ ከኋላ ደርሳ ጭብጡን ፈልቅቃ ክኒኖቹን ወሰደች።

"ምን ሆናችኋል?" አለች አክስት። "ሐኪም ያዘዘው ነው!"

"የትኛው ሐኪም?"

አክስትየው በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች። ሁሉም ሙሽራውን አዩት። እሱም የሚያዩት ሌላ ሰው መስሎት ወደ ኋላው ዞረ።

"ዓርብ ማታ አማትህ ስለ ክኒናቸው ምን ጠየቁህ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"እኔን? ምንም። ስለ ሠርጉ ነው ያወራነው። ኧረ እኔ ስለ ክኒን..."

"እሺ። ትናንት እኔ ምን ጠየቅሁህ?"

"እርስዎማ... ስለ ፋርማሲስቱ።"

"ስለ ጉልበቴ አላወራንም?"

ሙሽራው ከልቡ፣ በአዘኔታ፣ ወደ እግሯ ተመለከተ። "ጉልበትዎን ያምዎታል እንዴ?"

እየዋሸ አልነበረም፤ ቢዋሽ ይሻል ነበር። ሙሽራዋ የአባቷን አልጋ ተደግፋ ቁጭ አለች።

"በቀን ስንት ሰው ይጠይቅሃል?"

"ሠላሳም፣ አርባም። መንገድ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ፀጉር ቤት..." ያ የረቡዕ ድምፅ እየሟሸሸ ሄደ። "መጀመሪያ መጀመሪያ 'አላውቅም፣ ተዋናይ ነኝ' እል ነበር። ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ፕሮዲውሰሩም 'ዶክተሩ አላውቅም አይልም፤ አደባባይም ላይ ቢሆን' አለኝ። እጥፍ ያድርጉት ስላቸው ግን ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።"

"ሄደው ምን እንደሚሆኑ ጠይቀህ ታውቃለህ?"

ሙሽራው ያነሳውን ሻንጣ መሬት አስቀመጠ።

ሙሽራዋ ደብተሩን ከፍታ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ሙሽራው ጽሑፉን አይቶ አላነበበውም፤ ግን ገባው። ፊቱ እንደ ኖራ ሆነ። ያኔ ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ።

"አትጫኑት። የጠየቅሁት እኔ ነኝ" አሉ። "አንድ ሰው በቴሌቪዥን ሰዓት ሠሪ ሆኖ ቢተውን፣ የሞተ ሰዓቴን እንኳ አልሰጠውም ነበር። ነፍሴን ግን ሰጠሁት።"

ሐኪሟ ገባች። የሰማችውን እንድትደግምላት ኢንስፔክተሯን ጠየቀች፤ ሁለት፣ በባዶ ሆድ፣ ትናንት ጠዋት።

"አሁን አወቅሁ" አለች ሐኪሟ። "ይህ ክኒን ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ በሳቸው ዕድሜ ደግሞ ይዘገያል። ኮትዎን ያውልቁ አባባ። እስከ ነገ የትም አይሄዱም።"

አክስትየው ልትናገር አፏን ከፈተች። የወንድሟ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሎ አየች። አፏን መልሳ ዘጋች፤ ጎንበስ ብላም ጫማውን ፈታችለት።

አለቃዋ ስልክ ላይ ተነጫነጨ። "ታዲያ ወንጀለኛው ማነው?"

"ወንጀል የለም።"

"ለቴሌቪዥኑ ምን ልበል?"

"አላውቅም በላቸው። ሞክረው፤ አይገድልም።"

ፋርማሲስቱን ራሷ ሄዳ አወጣችው። ከረባቱ ኪሱ ውስጥ ነው። "ነፃ ነህ" ስትለው መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ራሱ አልነበረም።

"ስኳራቸው ስንት ደረሰ?"

ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ዓይኑ እንባ ያቀረረው፤ ፊቱን አዞረባት። ዞር ብላ ጠበቀችው።

ሆስፒታሉ በር ላይ የቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራ ተክለው ዶክተሩን ይጠብቃሉ። ሙሽራዋ ባሏን ኮሪደሩ ጥግ ይዛዋለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ መርፌም ድምፅ የለውም።

"ካፖርትህን ስሰፋ ኪሱን የውሸት ነው የማደርገው፤ ምንም እንዳይገባበት" አለችው። "እኔ ያገባሁት ከካፖርቱ ሥር ያለውን ነው። አለ ወይስ የለም?"

"አለ" አለ፤ የሱ የራሱ ድምፅ ቀጭን ነበር።

"የሰው ስም በአደባባይ ወስደሃል። በአደባባይ መልስ። ከዚያ እንነጋገራለን።"

ወጣ። ፋርማሲስቱ ከኢንስፔክተሯ ጎን ቆሞ አየው። ሙሽራው ካሜራው ፊት ቆመ፤ ብርሃኑን እንኳ አላስተካከለም።

"ፋርማሲስቱ ምንም አላደረገም" አለ። "ሊያድናቸው ነበር የሞከረው። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የነገርኳችሁ ነገር ካለ እባካችሁ ሐኪም ጠይቁ።"

ዕቃ ይዘው የቆሙ አንዲት ባልቴት ከጎን ብቅ አሉ። "ትሕትናው ሲያምርበት! እንዲያው ዶክተር፣ ወገቤን ሲቆርጠኝ ያድራል፤ ምን ላድርግ?"

ሙሽራው አፉን ከፈተ። ቃሉ ከጥርሱ ጀርባ መጥቶ ሲቆም ኢንስፔክተሯ በዓይኗ አየችው። ዋጠው።

"አላውቅም፣ እናቴ።"

ባልቴቷ ፊታቸው ጠቆረ። "ሰው ሲያገባ ይኮራል" አሉና ዕቃቸውን አንስተው ሄዱ። ሙሽራዋ ግን በሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። ተመልሳ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ተወች። አልጠራችውም። ቦታውን ብቻ ተወች።

ፋርማሲስቱም ሱቁን ሊከፍት ሄደ። ማን ይመጣል ማን ይቀራል፣ እሱን ነገ ያየዋል።

ኢንስፔክተሯ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ተመለከተች። የጠዋቱ ሩጫ አሁን ነው ወደ ጉልበቷ የደረሰው። ሐኪሟ ወረቀት ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ ክንዷን ያዘቻት።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጉልበቴ ምን ሆኖ ነው?"

"አላውቅም" አለች ሐኪሟ። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና አጠገቧ በርከክ አለች። "እስኪ ይቀመጡ፣ ልየው።"